ተገጣጥሞ የተሠራ ማክ አልነሳ ሲል ከየት ይጀመራል?

(መለያ ሙዚቃ፦ በአምባሰል ቅኝት የተቃኘ ክራር፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል።)

 

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በተለይ የሚመለከተው በሐይቅም በውጫሌም፣ በደሴም በኮምቦልቻም ሆናችሁ ሰርግ የምትቀርጹትን፣ መንዙማና ዘፈን የምትቀዱትን፣ ፎቶ ቤት የከፈታችሁትን፣ የእነዚህንም ሰዎች ኮምፒውተር የምትጠግኑትን ነው። ርእሳችን ዕቃው ለየብቻ ተገዝቶ እዚሁ አገር ውስጥ የተገጣጠመ፣ ግን በዊንዶውስ ፈንታ የአፕል ኩባንያ ማክኦኤስ የተጫነበት ዴስክቶፕ ነው። ባለሙያዎቹ ሃኪንቶሽ ይሉታል። ፋይናል ከት ወይም ሎጂክ የሚባሉትን የአፕል ማቀናበሪያዎች ለምዶ፣ የእውነተኛው ማክ ዋጋ ግን ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው የሚገባበት መንገድ ነው። ወረቀትና እስክርብቶ ያዙ፤ አንዳንዱን ስም መጻፍ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። እንዲህ ያለ ማሽን አልነሳ ሲል ባለቤቱም ጠጋኙም ቀድመው የሚጠረጥሩት ማክኦኤሱን ነው። «ሲስተሙ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» ይባላል። እንደኔ ግን ይህ አጀማመር የተሳሳተ ነው። በእኛ አገር ሁኔታ ጥፋቱን ብዙ ጊዜ ከሲስተሙ በታች ታገኙታላችሁ፦ ከመብራቱ፣ ከፓወር ሰፕላዩ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ካለችው ክብ ባትሪ፣ ከአቧራው፣ በመንገድ ከተነቃነቀው ካርድ። ስለዚህ ፍለጋው ከግድግዳው ሶኬት ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል።

ማክ ያልሆነ ማሽን እንዴት ማክኦኤስ ሊያስኬድ ቻለ ለሚል፣ ባጭሩ። አፕል ቀድሞ ኮምፒውተሮቹን የሚሠራው ፓወርፒሲ በሚባል ፕሮሰሰር ነበር። በሰኔ 2005 እ.ኤ.አ. ስቲቭ ጆብስ ኩባንያው ወደ ኢንቴል እንደሚዞር ተናገረ፤ የመጀመሪያዎቹ ባለ ኢንቴል ማኮችም በጥር 2006 ወጡ። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት የማኩም ሆነ እኛ ከሱቅ የምንገዛው ማሽን ፕሮሰሰር ከአንድ ፋብሪካ የሚመጣ ሆነ። ማክኦኤስ ግን ሲነሳ የቆመበት ማሽን የአፕል መሆኑን ያጣራል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥለት ማስነሻ ፕሮግራም በመሃል ይገባል። ድሮ ካሜሊዮን ነበር፣ ቀጥሎ ክሎቨር መጣ፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ኦፕንኮር የሚባለው ነው።

ሕጉንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የማክኦኤስ የአጠቃቀም ውል ሲስተሙ አፕል በሠራቸው ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ እንዲጫን ይፈቅዳል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ሳይስታር የሚባል ኩባንያ በ2008 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ማሽኖችን ገጣጥሞ መሸጥ ጀምሮ ነበር። አፕል በዚያው ዓመት ከሰሰው፣ በ2009 ፍርድ ቤቱ ለአፕል ፈረደ፣ ንግዱም በዚያው ቆመ። ስለዚህ ዛሬ እንዴት እንደሚገጣጠም አላስተምርም። ማሽኑን አንዴ ገዝቶ እንጀራውን የሚበላበት ሰው ግን አለ፤ የሰው ልጅ ሰርግም ውስጡ ተቀምጧል። እሱ እንዳይጠፋ ነው ይህን ያህል የምንለፋው።

እስቲ አንድ አጭር ጭውውት እናዳምጥ። አንዲት ፎቶ ቤት ያላት ወጣትና አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ጠጋኝ ናቸው።

(የበር መንኳኳት ድምፅ)

እሷ፦ ጋሼ፣ እንዴት አረፈዱ? ይቺ ኮምፒውተር ዛሬስ ጉድ ሠራችኝ።

እሳቸው፦ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ፣ ግቢ። ምን ሆነች?

እሷ፦ የአፕሉ ምልክት ይመጣና ያቺ መስመር ግማሽ ድረስ ትሄዳለች። ከዚያ ዝም! የሙሽሮቹ ቪዲዮ እኮ እሑድ ነው የሚፈለገው። ፎርማት እናድርጋት እንዴ?

እሳቸው፦ ቆይ ልጄ፣ አትቸኩዪ። ያላመመሽን ጥርስ ልንቀልልሽ እንዴ? መብራት ጠፍቶ ነበር?

እሷ፦ ኧረ ሦስት ቀን ሙሉ! ትናንት ማታ ነው የመጣው።

እሳቸው፦ ሰዓቷ ስንት ይላል?

እሷ፦ ሰዓቷማ... ሰዓቷን ማን አየ ጋሼ!

(ሙዚቃ፣ አጭር)

ጋሼ ሰዓቱን የጠየቁት በከንቱ አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዛሬው ዋና ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው።

በየማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል፣ ሦስት ቮልት የምትሰጥ፣ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱንና በብዙ ቦርዶች ላይ ደግሞ የባዮሱን፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራውን ፕሮግራም፣ ቅንብር መጠበቅ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለና መብራት እስካለ ድረስ ሰዓቱ ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣ ትንሽ ኃይል ይሄዳል፤ ባትሪዋ ያን ጊዜ ታርፋለች። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ወይም ባለቤቱ ማታ ማታ ገመዱን በሚነቅልበት ቤት ግን ሸክሙ ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ትሞታለች። ያን ጊዜ በእነዚያ ቦርዶች ላይ ባዮሱ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ቅንብር ይመለሳል።

ለዊንዶውስ ማሽን ይህ ብዙ ጊዜ ትልቅ ነገር አይደለም። ለሃኪንቶሽ ግን ሞት ነው። ገጣጣሚው ማሽኑን ያስነሳው ባዮሱ ውስጥ ገብቶ ብዙ ነገር ቀይሮ ነውና። ሴኪውር ቡት የሚባለውን አጥፍቷል፤ ሲኤስኤም የሚባለውን አጥፍቷል፤ ሲኤፍጂ ሎክ የሚባለው ካለ ከፍቷል፤ አባቭ ፎር ጂ ዲኮዲንግ የሚባለውን አብርቷል፤ ሳታ የሚባለው የዲስክ መገናኛ ኤኤችሲአይ ላይ እንዲሆን አድርጓል። ባትሪዋ ስትሞት እነዚህ ሊገለበጡ ይችላሉ። ማክኦኤሱ ሳይነካ፣ ፋይሉ ሁሉ በቦታው እያለ፣ ማሽኑ አልነሳም ይላል። ፎርማት ብታደርጉትም አይነሳም። ያኔ ነው «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ የሚመጣው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ አዲስ ባትሪ። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ቅንብሩን መመለስ። ግን ማን አስታውሶት? ስለዚህ ማሽኑ ዛሬ ደህና እየሠራ ሳለ የባዮሱን ገጽ አንድ በአንድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የፎቶ ቤት ባለቤት ሆናችሁ ይህን አለማድረጋችሁ ይገርመኛል፤ ለሰው ሁሉ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ የራሳችሁን ማሽን ግን አታነሱም።

ሰዓቱን ስታስተካክሉ ደግሞ የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ባዮሱ የሚጠይቀው የፈረንጅ ዘመን ነው። በእኛ አቆጣጠር የምትጽፉለት ከሆነ ማሽኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ከዚያ ኢንተርኔት ስትከፍቱ የየድረ ገጹ የደኅንነት ሰርተፊኬት ገና ያልተጀመረ ይመስለዋል፤ አልከፍትም ይላል። ማክኦኤስ እንደገና ልጫን ካላችሁም ጫኚው ፋይል ተበላሽቷል የሚል መልእክት ታያላችሁ። ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ ዓመቱ ነው። ሌላ ፍላሽ፣ ሌላ ዳውንሎድ እያሉ ኢንተርኔት ከመጨረስ በፊት ዓመተ ምሕረቱን እዩ።

ሰዓቱም ላይ አንድ ነገር አለ። ማክኦኤስ በማዘርቦርዱ ላይ የሚያስቀምጠው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ የአገሩን። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም ሁለቱ ሲስተሞች በአንድ ማሽን ላይ ካሉ፣ ማክ ላይ ቆይታችሁ ዊንዶውስ ስትከፍቱ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ብልሽት አይደለም፣ ባትሪም አትቀይሩ። በዊንዶውስ ሪጅስትሪ ውስጥ ሪያል ታይም ኢዝ ዩኒቨርሳል የሚባል መዝገብ ጨምሮ ዋጋውን 1 ማድረግ ያስታርቃቸዋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ስንል ማኩ 9 ይላል፣ ባዮሱ 6 ይላል፣ ሦስቱም ልክ ናቸው።

አሁን ከባትሪዋ ትንሽ ዝቅ እንበልና ወደ መብራቱ እንምጣ። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው፤ ሶኬቱ ላይ የሚደርሰው ግን ሁልጊዜ እሱ አይደለም። ቮልቴጁ ሲወርድ፣ ሲወጣ፣ ድንገት ሲመጣ ፓወር ሰፕላዩ ይጎዳል። የተጎዳ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ሁልጊዜ በአንዴ አይሞትም። ጠዋት ኢሜይል ስታዩ ምንም አይልም፤ ቪዲዮ ኤክስፖርት ስታደርጉ፣ ግራፊክስ ካርዱ ሙሉ ኃይሉን ሲጠይቅ፣ ማሽኑ ድርግም ይላል። አርኤክስ 580 የሚባለው ካርድ ብቻውን እስከ 185 ዋት ይወስዳል። ስለዚህ «ፋይናል ከት ስከፍት ይጠፋል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ፋይናል ከትን አትውቀሱ። ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ አምጡና ሞክሩ።

«ዩፒኤስ አለኝ እኮ፤ መብራት ሲሄድ ግን ኮምፒውተሩ አብሮ ይሄዳል» የሚሉም አሉ። ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው የዩፒኤሱ አቅም ማነስ ነው። በካርቶኑ ላይ 650 ቪኤ የሚል ቁጥር ስታዩ 650 ዋት እንዳይመስላችሁ፤ በዋት ሲሰላ ከዚያ ብዙ ያነሰ ነው። ሁለተኛው ረቂቅ ነው። ርካሽ ዩፒኤሶች የሚሰጡት ኃይል ማዕበሉ ደረጃ ደረጃ የሆነ ነው፤ አክቲቭ ፒኤፍሲ ያላቸው ደህና ደህና ፓወር ሰፕላዮች ደግሞ አንዳንዶቹ ይህን አይቀበሉም፣ በቅያሪው ቅጽበት ራሳቸውን ያጠፋሉ። ለእነሱ ፒዩር ሳይን የሚባለው ዓይነት ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ስታብላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያድንም፤ ይህን ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ምንም ቢኖራችሁ ገመዱን ንቀሉ፤ የኢንተርኔቱንም ገመድ ጭምር።

ሙቀትም አለ። የሐይቅ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ይጠጋል፤ ደሴ ከዚያም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ንፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው ማሽኑም የሚመቸው ይመስለዋል፤ ፋኑ የሚገፋው አየር ግን የሳሳ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ላዩ ላይ አቧራ ሲጨመርበት ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካልሆነም ራሱን ያጠፋል። በየጊዜው ክፈቱት፣ አጽዱት። ፋኑን በንፋስ ስትጠርጉ ግን በጣት ያዙት፤ እንዳሻው እንዲሽከረከር አትተዉት።

ማሽኑ እዚህ የማይጠገን ሆኖ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ግራፊክስ ካርዱን አውጥታችሁ ለብቻው ጠቅልሉት። ከባድ ካርድ በመንገዱ መንገጫገጭ ከማስገቢያው ይነቃነቃል፣ ሲብስም ማስገቢያውን ይሰብራል። አንድ ችግር ይዞ የሄደ ማሽን በሚኒባስ ጣራ ላይ ሁለተኛውን ይጨምራል። ራሙም እንዲሁ ነው። ተመልሶ ሲመጣ አልነሳ ካለ መጀመሪያ ገመዱን ነቅላችሁ ራሙን አውጡ፣ ቢጫውን ጥርሱን በላጲስ ቀስ ብላችሁ አጽዱ፣ ድምፅ እስኪሰጥ አጥብቃችሁ መልሱ። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ሞክሩ። ጊዜውን ሳይለይ በራሱ የሚጠፋና የሚነሳ ማሽን ሲያጋጥማችሁ ደግሞ ሚምቴስት የሚባለውን ራም መፈተኛ ከፍላሽ አስነስታችሁ ሌሊቱን ተዉት፤ አንድ ስሕተት እንኳ ካሳየ ያ ራም አይታመንም።

(ሙዚቃ፣ አጭር)

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ አይታችሁ ካለፋችሁ አሁን ወደ ማክኦኤሱ መግባት ትችላላችሁ። አሁንም ግን ፎርማት አይደለም።

ማሽኑ ሲበራ ከዲስኩ በመጀመሪያ የሚነበበው ኢኤፍአይ የሚባል የተደበቀ ክፍል ነው። ማክኦኤስ ዲስክ ሲያዘጋጅ 200 ሜጋባይት ይተውለታል። ኦፕንኮር ያለው እዚያ ነው፤ ኮንፊግ የሚባለው የቅንብር ፋይሉም፣ ኬክስት የሚባሉት ሾፌሮቹም። የዚህ ማሽን ነፍስ ያቺ ትንሽ ክፍል ናት። የኦፕንኮር ምርጫ ገጽ ጭራሽ ካልመጣና ቀጥታ ዊንዶውስ ከተነሳ፣ ዊንዶውስ አፕዴት አድርጎ የማስነሻ ተራውን ራሱ ወስዶ ሊሆን ይችላል፤ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ተራውን መልሱ። የምርጫው ገጽ ከመጣና ከዚያ በኋላ ከቆመ፣ እዚያው ገጽ ላይ ሪሴት ኤንቪራም የሚል ምርጫ ካለ አንዴ ሞክሩት።

ከዚያ የሚቀጥለው ማሽኑ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። በኮንፊግ ፋይሉ ቡት አርጊውመንት በሚባለው ቦታ ላይ ማይነስ ቪ ትጨምራላችሁ። ከዚያ በኋላ በአፕሉ ምልክት ፈንታ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ይፈስሳል። ፈጣን ስለሆነ በዓይን አይያዝም፤ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹትና አቁማችሁ አንብቡ። መጨረሻ ላይ የቆመበት መስመር ብዙ ነገር ይናገራል። ኤግዚት ቢኤስ ስታርት የሚል ቃል ላይ ከቆመ ማክኦኤስ ገና አልጀመረም፤ ጥፋቱ ባዮሱ ወይም ኮንፊጉ ውስጥ ነው። ፒሲአይ ኮንፊገሬሽን ቢጊን ላይ ከቆመ ቅድም ያልኳችሁን አባቭ ፎር ጂ ዲኮዲንግ እዩ፤ ባትሪዋ ስትሞት ጠፍቶ ይሆናል። ዌይቲንግ ፎር ሩት ዲቫይስ ካለና የተሰረዘ ክብ ምልክት ከመጣ፣ ማክኦኤስ የሚነሳበትን ዲስክ አጥቶታል ማለት ነው። የምታስነሱት ከፍላሽ ላይ ከሆነ ፍላሹን ከፊት ነቅላችሁ ከኋላ ሰኩት። ዲስኩ ሳምሰንግ ፒኤም 981 ከሆነ ደግሞ ብዙ አትድከሙ፤ ያ ዲስክ ከማክኦኤስ ጋር አለመስማማቱ የታወቀ ነው።

አንድ ሕግ አለኝ፤ እሱን ካልጠበቃችሁ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አምስት ነገር ቀይሮ ማሽኑ ቢነሳ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም፤ በሚቀጥለው ወር ሲደገም እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። የቀየራችሁትንም ጻፉ።

ምልክቱ መጥቶ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ጉዳዩ የግራፊክስ ካርድ ነው። በቅድሚያ የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ መሰካቱን አረጋግጡ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ የሚጨነቅ ሰው አለ። ሌላው የተለመደ ታሪክ ካርዱ ተቃጥሎ ጠጋኙ ያገኘውን ኤንቪዲያ ሲተካበት ነው። ማክኦኤስ ኤንቪዲያን ከተወ ቆይቷል። ጂቲኤክስ 1060ን የመሰሉት ካርዶች መጨረሻቸው በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ሃይ ሲየራ የሚባለው የማክኦኤስ ቅጂ ነው፤ ከዚያ የቆዩት የኬፕለር ካርዶችም በ2021 ሞንተሬይ ሲመጣ ተጥለዋል፤ አርቲኤክስ የሚባሉት ደግሞ ፈጽሞ ሠርተው አያውቁም። ሻጩ «ይሄ ይበልጣል፣ አዲስ ነው» ቢላችሁ ለጨዋታ እውነቱን ነው፣ ለእናንተ ግን አይሠራም። አርኤክስ 570፣ አርኤክስ 580 ወይም አርኤክስ 6600 ፈልጉ። አርኤክስ 6700 ኤክስቲ በቁጥር ከ6600 ቢበልጥም ማክኦኤስ አይደግፈውም፤ ለምን ብላችሁ አትጨነቁ፣ ብቻ አትግዙ።

ድምፅ፣ ኔትወርክና ብሉቱዝ የኬክስት ጉዳዮች ናቸው፤ ድምፅ ከጠፋ አፕል ኤኤልሲ የሚባለውን እዩ። ኪቦርዱ በአንዱ ቀዳዳ ሠርቶ በሌላው እምቢ ቢል ዩኤስቢው አልተቃጠለም፤ ማክኦኤስ በአንድ ተቆጣጣሪ ላይ ከ15 በላይ ቀዳዳ አይቆጥርም፣ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ደግሞ እንደ ሁለት ይቆጠራል። የቀዳዳዎቹ ካርታ በትክክል መሠራት አለበት።

አንዳንዴ ምንም ያልተበላሸ ነገር እንደ ብልሽት ይመጣል። ደንበኛ የሰርግ ጥሪ ጽሑፍ ከዊንዶውስ ማሽን በፍላሽ ያመጣል፤ ማክ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። ማክኦኤስ ግዕዝን ያውቃል፤ ከፋ የሚባል የራሱ የግዕዝ ፎንት እንኳ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ እኛ ስንጽፍ የኖርነው እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ መንገድ በሠራው ፎንት ነበር። የመጣው ፋይል ከእነዚያ በአንዱ የተጻፈ ከሆነ ያንኑ ፎንት ማክ ላይ መጫን፣ ወይም ጽሑፉን ዊንዶውስ ላይ ወደ ዩኒኮድ ቀይሮ ማምጣት ነው። ሃኪንቶሹን አትክፈቱት።

(ሙዚቃ፣ አጭር)

አሁን ስለ ቅጂ። እዚሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ በገዳሙ አበምኔት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ በ1280 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈ ወንጌል አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ያንን ወንጌል ፎቶ አንስቶ 1832 የሚል ቁጥር ሰጠው። የሥራው ፊልም አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ተቀምጧል። ብራናው እዚህ፣ ቅጂው በሌላ ከተማ፣ ሌላው ቅጂ ባሕር ማዶ። ሥራው የተሠራው ኮምፒውተር በየቤቱ ከመግባቱ በፊት ነው፤ እኛ ግን ዛሬም የሰው ሰርግ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አስቀምጠን እንተኛለን።

ሃኪንቶሽ ላይ ደግሞ ሁለት ቅጂ ነው የሚያስፈልገው። አንዱ የሥራችሁ ነው፤ ቪዲዮውና ድምፁ በውጪ ዲስክ ላይ፣ ዲስኩም ከስቱዲዮው ውጪ፣ በቤት ወይም በዘመድ ዘንድ። ሁለተኛው የኢኤፍአይ ክፍሉ ነው። ታይም ማሽን የሚባለው የአፕል መጠባበቂያ ይህን ክፍል አይገለብጥም፤ «ታይም ማሽን አለኝ» ብሎ የተማመነ ሰው ዲስኩ ሲሞት የሚደነግጠው ለዚህ ነው። የሚሠራውን ኢኤፍአይ በትንሽ ፍላሽ ላይ፣ በፍላሹ ኢኤፍአይ ክፍል ውስጥ ገልብጡት፤ ከፍላሹ ማሽኑ መነሳቱን ሞክሩ፤ ከዚያ ፍላሹን በኤንቨሎፕ አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበት። ለሌላ ሥራ አትጠቀሙበት። ጓደኛ ፊልም ገልብጥልኝ ቢላችሁም ያንን ፍላሽ አትስጡት።

የሌላ ሰው ኢኤፍአይ ለምኖ ማምጣትም አለ። ማዘርቦርዱ አንድ ዓይነት ካልሆነ አይጠቅማችሁም። አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ በውስጡ የዚያ ሰው ማሽን መለያ ቁጥር አለ፤ ሁለት ማሽን በአንድ ቁጥር ወደ አፕል አካውንት ሲገባ ችግር ይፈጥራል። ተሠርቶ ያለቀለት፣ «ሰክተህ ብቻ አስነሳ» የሚባል ፍላሽ ከገበያ አትግዙ። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው፤ እናንተ ደግሞ የባንክ መተግበሪያችሁን የምትከፍቱት እዚያው ላይ ነው።

ቀሪው አፕዴት ነው። ማክኦኤስ በስክሪኑ ጥግ ላይ «አዲስ ቅጂ መጥቷል» ሲላችሁ አትንኩት። ማሽኑ እየሠራ ከሆነ፣ ሰርግ ከተያዘ፣ ጥር ከደረሰ በፍጹም። የግድ ከሆነ መጀመሪያ ኦፕንኮሩና ኬክስቶቹ በፍላሹ ላይ ታድሰው ይሞከራሉ፣ ሥራው ሁሉ ይገለበጣል፣ ከዚያ ነው ሲስተሙ የሚታደሰው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ የሠራ ሰው ማሽኑን በገዛ እጁ ነው የሚዘጋው።

አፕል በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ከኢንቴል መለየቱን ተናግሮ በኅዳር ኤም 1 በሚባለው የራሱ ፕሮሰሰር ማክ ማውጣት ጀምሯል። በ2025 የወጣው ታሆ፣ ማክኦኤስ 26 የሚባለው፣ ኢንቴልን የሚደግፍ የመጨረሻው ቅጂ መሆኑን ኩባንያው ራሱ አስታውቋል። ሃኪንቶሽ የሚኖረው ማክኦኤስ ለኢንቴል እስከተሠራ ድረስ ነው። መንገዱ እዚህ ላይ አልቋል።

ስለዚህ «አሁን አዲስ ልገጣጥም ወይ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አትገጣጥም ነው። ገንዘቡን ያጠራቅምና ያገለገለ ባለ ኤም 1 ማክ ሚኒ ይግዛ፤ አቅሙ ለዚያ ካልደረሰ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ ነጻ ቅጂም አለው። ማሽኑ ቀድሞ እጁ ላይ ያለ ሰው ግን አይጣለው። ባትሪውን ይቀይር፣ ባዮሱን ፎቶ ያንሳ፣ ኢኤፍአዩን በፍላሽ ያስቀምጥ፣ አፕዴቱን ይተወው። ጠጋኞችም፣ ደንበኛችሁ ኮምፒውተሩን ይዞ ሲገባ «ፎርማት» ከማለታችሁ በፊት መብራት ጠፍቶ እንደነበረ ጠይቁት።



(መለያ ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይሰማና ያበቃል።)